አሮጊቷ ግድቡ ላይ ቆመች

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ጮክ በል እንጂ፣ የሚሰማኝ ነፋስ ብቻ ነው። ... አንታንዱ? አንተ የዶጎን ገደል ሽንኩርት፣ ልጄን አሳፍረህ ከደጄ ከወጣህ ገና ሻዬን እንኳ ጠጥቼ አልጨረስኩም፤ ምነው ቶሎ ናፈቅኩህ?

— ምን? ... ድገመው እስቲ። ... ማን ናት የቆመችው? ... አሮጊቷ? ... አይ፣ ተሳስተሃል። አሮጊቷ አትቆምም። እኔ ላሲን ካራቤንታ ሠላሳ ዓመት ነድቻታለሁ። ሞፕቲ ውስጥ የፈለግከውን ሹፌር ጠይቅ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ዓይኔ ደከመ ብዬ ለአንተ ብሸጥልህ ይኸው ...

— እሺ፣ እሺ፣ አትጩህብኝ። የት ነህ አሁን? ... ግድቡ ላይ፣ ውሃውን አቋርጦ በተደለደለው መንገድ። ሴቫሬ ሳትደርስ? ... መሐል ላይ። በግራም ውሃ፣ በቀኝም ውሃ። ... የለም፣ አልሳቅኩም። ሳል ነው። ... አልሳቅኩም አልኩህ እኮ። የገደል ሰው ዙሪያውን በውሃ ተከቦ ሲቆም የሚታዘንለት እንጂ የሚሳቅበት አይደለም።

— ኒያሞይ፣ አንታንዱ ነው። መኪናዋ ግድቡ ላይ ቆማበታለች። ... ልጅሽማ ምን ትሆናለች፣ ጋቢና ውስጥ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። አክስቷ ፔንዳ አጠገቧ ናት፤ አጃቢዎቹ ሴቶችና የባሏ ወንድም ከኋላ ተሳፍረዋል። ... ደህና ናት አልኩሽ። አሁን አስነሳታለሁ። ከዚሁ፣ ከምንጣፌ ሳልነሳ።

— ሄሎ፣ አለሁ። ትሰማኛለህ? ... ሚስቴ ናት። ልጅ የሸኘች ዕለት የእናት ሆድ እንዴት እንደሚሆን ታውቀዋለህ። ... እኔ? እኔ ምን እሆናለሁ። እግሬን ዘርግቼ ሻይ እየጠጣሁ ነው።

— ስማ አሁን፤ ኮና ከመግሪብ በፊት መግባት አለባችሁ። ሙሽራ ጨለማ ተከናንባ የባሏን ደጅ አትረግጥም። ... አውቃለሁ ትለኛለህ፣ ካወቅክ ታዲያ ምን ይገትርሃል? አማቾቼ ደጅ ወጥተው መንገድ መንገዱን እያዩ ነው። ከመሸባችሁ፣ የካራቤንታ ልጅ በስባሪ መኪና እየተገፋች መጣች ይሏታል። ይህ ስድብ እስከ ልጅ ልጇ ነው የሚከተላት። ... እኔማ መጥቼ ባስነሳት ደስ ባለኝ። አባት ግን ልጁን ተከትሎ ወደ ባሏ ቤት አይሄድም፣ አንተም ታውቃለህ። አርፈህ የምነግርህን አድርግ።

— መጀመሪያ ንገረኝ፤ ዛሬ ሰላም ብለሃታል? ... ሙሽራዋን አይደለም፣ መኪናዋን። ... አላልካትም። ይኸው፣ ነገሩ ተገኘ። እኔ ኮፈኗን መታ መታ አድርጌ፣ አሮጊቷ እንዴት ዋልሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ሳልላት ቁልፍ አስገብቼ አላውቅም። አንተ ግን እንደ በሬ ጭራዋን ጠምዝዘህ ትነሳ ትላለህ። ... ውረድና ሰላም በላት። ... ሰው ካየህ ይይሃ። ... ቀስ ብለህ፣ እንደ ታላቅ እህትህ። ... ቤተሰቧንም ጠይቅ። ... የመኪና ቤተሰብ ማን ነው ትለኛለህ? ጎማዎቹ ናቸዋ! በኋላ በኩል ዙርና ጠይቃቸው።

— እሺ፣ አሁን ቁልፉን ሞክር። ስልኩን ጠጋ አድርገው። ... እህ እህ እህ ትላለች፣ ግን አትነሳም። ... አዎ፣ ሰማሁ። አኩርፋለች። እንዲህ ስታኩርፍ ሕመሙ ባትሪዋ ላይ ነው። ... ባትሪው ደህና ነው? ማን አለህ? ... መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል? ይህማ ማታለያዋ ነው። ሠላሳ ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

— ኪስህ ውስጥ ሽንኩርት አለ? ... አለ። አላልኩም? የእናንተ ሰው ሱሪውን ረስቶ ይወጣል እንጂ ሽንኩርት አይረሳም። ለሁለት ግመጠውና የባትሪውን ሁለት ራሶች እሽልኝ። ... ለምን ይባላል እንዴ? ባትሪውን ያስለቅሰዋል። እንባው ሲወጣለት ቀለል ይለዋል። ... ማን ነው ያበደው? ... አንታንዱ፣ በረሃቡ ዘመን የእኛ አያት የጭኑን ሥጋ ቆርጦ ጠብሶ ባያበላው ኖሮ ያንተ አያት ዛሬ አንተን የመሰለ ጉድ አይወልድም ነበር። የዚያን ሥጋ ውለታ አስብና እሸው። ... በደንብ እሸው፣ አትሰስት።

— ኒያሞይ፣ ምን ያስቆጣሻል? ... ምን ሰደብኩት፣ እሱ የገደል ዶጎን፣ እኔ የወንዝ ቦዞ፤ ዶጎን በቦዞ ቀልድ አይቀየምም። መቀየምም አይፈቀድለትም። እኔም በሱ። ሁለታችን ብንጣላ ዝናብ የሚቀር መስሎ ነው የሚታየኝ።

— ሄሎ፣ እህስ? ... አልተነሳችም። የግመጥከውስ ምን ሆነ? ... የቀረውን በላኸው። ከሌላ ሰው መች ጠበቅኩ። ... ተወው፣ አሁን ሞተሩን ወደሚያስነሳው ወደ ሞተሪኖው እንሄዳለን። የሙሽራዋ ዕቃ መሐል፣ ከሳፋዎቹ ሥር አዲስ ዘነዘና አለ። አውጣልኝ እሱን። ... ኒያሞይ፣ ዘነዘና የተሠራው ሊወቅጥ ነው፣ ዝም በይኝ። ... ሞተሪኖውን ጎኑን ምታው። እንደ ሚስትህ ወንድም ትከሻ፤ በፍቅር፣ ግን ጠንከር አድርገህ። ... እ። ... እ። ... ይሄ ድምፅ ምንድን ነው? ... ተሰነጠቀ? ... ቀስ ብለህ ተናገር፣ አጠገቤ ናት። ... ምንም አልተሰነጠቀም ኒያሞይ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ ነው።

— ለመሆኑ ሙሽራዋ እንዴት ናት? ... ዝም ብላ ተቀምጣለች? አንዴም አልተንቀሳቀሰችም? ... ይህች ናት ልጄ። ሌላዋ ብትሆን እንዲህ መንገድ ላይ ስትቀር አገር ይያዝልኝ ትል ነበር። እሷ ግን አፏን ከፍታ ቃል አታወጣም። መናገርም የለባትም፤ የባሏን ደጅ እስክትረግጥ ሙሽራ አፏ ዝግ ነው። እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኳት፣ ማንም ያሳደገልኝ የለም።

— ምን ይላሉ? የምን ጫጫታ ነው? ... ጀልባዎች መጡ? ቦዞዎች ናቸው? ... ዘመዶቼ ናቸው፣ ሰላም በልልኝ። ... ይስቁብሃል? ዓሣም ቢሆን የገደል ሰው ግድብ ላይ ተተክሎ ሲያይ ይስቃል። ... ምን አሉህ? ... ሙሽራዋን አውርዱልንና እኛ እናድርሳት?

— አይደረግም።

— አንታንዱ፣ ስማኝ። አይደረግም። ... ፀሐይዋን አውቃለሁ። ... አውቃለሁ አልኩህ። ስማ፤ ሚስቴ በጀልባ ነው የመጣችልኝ። እናቷም በጀልባ፣ እናቴም በጀልባ። እኔ መኪና ልማር ብዬ ከወንዙ ስወጣ እነዚሁ በጀልባ ላይ ያሉት አባቶች ምን አሉኝ መሰለህ? ከውሃ የወጣ ዓሣ ለእራት እንኳ ሳይደርስ ይገማል አሉኝ። እኔ ግን አልገማሁም። ሠላሳ ዓመት በዚያ ግድብ ላይ ተመላለስኩ። ልጄ በአባቷ መኪና ትዳራለች ብዬ የማልኩት ያኔ ነው። ... የአንተ መኪና ናት? የሸጥኩልህ ብረቱን ነው። አሮጊቷ የእኔ ናት። ልጄ ታታ ዛሬ ከዚያች መኪና ወርዳ ጀልባ ላይ ከወጣች፣ የእኔ ነገር ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ገባህ? ... ገባኝ ካልክ በቃ። አባርራቸው። ... እሺ፣ በትህትና አባርራቸው።

— አሁን ዋናውን ልንገርህ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሰልባቲዮውን፣ የናፍጣ ጋኑን፣ ክፈትና አፍህን ግጥም አድርገህ ወደ ውስጥ ንፋበት። ... ናፍጣው ሰንፎ ተኝቶ ይሆናል፣ ትንፋሽ ሲያገኝ ይነቃል። ... ከልብህ ንፋ፣ ዋሽንት አይደለም። ... ሄሎ? ... አንታንዱ? ... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ...

— አንተ ነህ የምትስለው? ... ዋጥከው? ... ብዙ ነው ትንሽ? ... ጉንጭ ሙሉ ከሆነ ምንም አይልህም። የሆድ ትል ያጠራልሃል። ሲጋራ ብቻ እንዳታጨስ። ... የማንን እናት ነው የምትሳደበው? ... እሱስ ልክ ነህ፣ ዛሬ ተፈቅዶልሃል።

— ምን ሆነች? ... ሙሽራዋ? ... ወንበሩን ትመታለች? በተረከዟ? ... ማልቀሷ ነው፣ ተዋት። የአባቷ ቤት ትዝ ብሏት ነው። የኛ ሙሽሮች እንዲህ ናቸው፣ ቆይቶ ነው የሚመጣባቸው። ... ወደ ታችም በአገጯ ታመለክታለች? ... መሬት ይዋጠኝ ማለቷ ነዋ። አክስቷ እጇን ጠበቅ አድርጋ ትያዛት።

— የቀረን አንድ ነገር ነው። ሴቶቹ ይውረዱ። ሁሉም ከፊት ይሁኑና ወደ ኋላ ይግፏት፣ አንተ ማርሹን ወደ ኋላ ታስገባለህ። ወደ ፊት እምቢ ያለች መኪና ወደ ኋላ እሺ ትላለች፣ ግራ ይገባትና ትነሳለች። ... መንገዱ ጠባብ ነው? ... ጠርዙ ምን ያህል ይርቃል? ... ትንሽ ከራቀ ይበቃል። ሙሽራዋ አትውረድ፣ እግሯ ኮና ሳይደርስ መሬት አይነካም። ... ውሃው ምን ይሆናል ትለኛለህ? ውሃው የት ይሄዳል፣ ባለበት ነው። በሉ ግፉ። ... እየገፋችሁ ነው? ... ጎሽ። ... ጎሽ።

— ኒያሞይ፣ ስልኩን ልቀቂ። ... ልቀቂው አልኩሽ፣ መኪና እያስነሳሁ ነው። ... ምን? ... አዎ፣ ቅድም ሳይነሱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ከታታ ጋር። ታዲያ አባት ከልጁ ጋር ትንሽ ቢቀመጥ ምን አለበት? ... ስወርድ ምን አደረግኩ? ... እጄን? ... ከወንበሩ ሥር? ... አየሽኝ? ... እርግጠኛ ነሽ?

— አንታንዱ! አትግፉ! ... አቁሙ! ሁሉም እጃቸውን ያንሱ! ... ፍሬኑን ያዝ። ጎማው ሥር ድንጋይ አግቡ። ... የኋላው ጎማ የት ነው ያለው? ... ሣሩ ላይ። ከሣሩ ቀጥሎስ? ... አልሃምዱሊላህ። ... አልሃምዱሊላህ። ቆይ፣ ልተንፍስ።

— አንታንዱ፣ አንድ ነገር አለ። ... ትንሽ ነገር ናት። ከወንበሩ ሥር፣ ከመፍቻ ሳጥኑ ጀርባ፣ ናፍጣውን የምትዘጋ አንዲት መዝጊያ አለች። ሌባ እንዳይወስዳት ብዬ እኔ ነኝ ያስገባኋት። ሌባ ቢያስነሳት እንኳ ቱቦው ውስጥ በቀረው ናፍጣ ትንሽ ሄዳ ትቆማለች። ... አዎ፣ ግድቡ መሐል ድረስ ያህል። ... ስገዛት ለምን አልነገርከኝም ትለኛለህ? መኪና ሸጥኩልህ እንጂ ምስጢሬን ሸጥኩልህ? ...

— ማን ዘጋት? ... እጄ ነው። ... እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው። ሠላሳ ዓመት ከመኪናዋ በወረድኩ ቁጥር እጄ ወደዚያ እየሄደ ይዘጋታል። እኔን አላማከረኝም። ... ልጅህ እንዳትሄድብህ ነው የዘጋሃት ትለኛለህ? ... አንተ ናፍጣው ወደ ጭንቅላትህ ወጥቷል። እኔ? ልጄን ስድር ደስ ብሎኝ በሬ ያረድኩ ሰው? ... ተወኝ አንታንዱ። ... ተወኝ አልኩህ።

— ክፈታት አሁን። እጅህን ከኋላ አስገባ። ... አይገባም? ... እጅህ በዶማ ያበጠ ነው፣ እንዴት ይገባል። እኔ በእጄ ልክ ነው ያሠራኋት። የእኔን እጅ የወረሰች አንዲት ሰው ብቻ ናት። ... አዎ፣ እሷ። ስልኩን ለታታ ስጥልኝ።

— ምን ማለት ነው አልሰጥም? ... ጉንጭ ሙሉ ናፍጣ ለጠጣሁበት ትላለህ? ... በልጄ ሠርግ ዕለት እንዲህ ልታደርገኝ? ... እሺ፣ ምን እንድል ነው የምትፈልገው? ... ሁለቱንም? ... አንደኛው ይብቃህ። ቦዞ ዓሣ ነው። ይኸው ብያለሁ። ... ሁለተኛውን አልልም። ... አንታንዱ፣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ... እሺ። ለልጄ ስል። የቦዞ ጌታው ዶጎን ነው። ... ማን ነው እልል ያለው? ... ድምፁን ለሁሉም ከፍተህ ነበር? ጀልባዎቹም ሰሙ? ... አንተ ከይሲ። ለቅሶህ ላይ መጥቼ ባልዘፍን ላሲን አትበለኝ።

— ሄሎ? ... ፔንዳ? ስልኩን ለሙሽራዋ ስጪያት። ... ሙሽራ አትናገርም፣ አውቃለሁ። ያልኩት እኔው ነኝ፣ የፈቀድኩትም እኔው ነኝ። መሸፈኛዋን ግለጭላት። ... የባሏ ወንድም ቆሞ ያያል? ይይ። የካራቤንታ ልጅ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ዛሬውኑ ሄዶ ይንገርላቸው። አባቷ እኔ ነኝ ፔንዳ፣ ልቀቂያት።

— ታታ? ... ታታዬ። ተናገሪ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ... አገኘሻት? ... ገና ሳልነግርሽ? ... ከመጀመሪያው ታውቂያት ነበር። ለዚህ ኖሯል ወንበሩን የምትመቺው፤ እኔማ ማልቀስሽ መስሎኝ። ... እንሶስላሽ ቢበላሽም ይበላሽ። ክፈቻት። ... አሁን ውረጂ፣ እግርሽም መሬት ይንካ፤ ኮፈኑ ይከፈትልሽና ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር አስወጪ። ትንሿን ብሎን ላላ አድርጊ፣ የእጅ ፖምፓውን ግፊ። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ። ... ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርገሽ። ... ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያይሻል? ደግ አደረገ።

— ኒያሞይ፣ ነይ ስሚ። ልጅሽ በሙሽራ ልብሷ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብላለች። የማን ልጅ እንዲህ ታደርጋለች? ... አታልቅሺ እንጂ።

— እሺ ታታ፣ እሰማሻለሁ። ... ቅድም ስዘጋት አይተሽኝ ነበር? ... ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ... ለምን ክፈታት አላልሽኝም?

— ... አንቺም መሄዱ ከብዶሽ።

— ... እሺ። ገባኝ። ... አዎ፣ እጄ ብቻ አይደለም። እኔም ነኝ። ... እና አንታንዱ ናፍጣ ሲውጥ አሳዘነሽና ወንበሩን መምታት ጀመርሽ። ጥሩ ልብ አለሽ፣ እሱን ከእናትሽ ነው የወሰድሽው። ... አሁን ብሎኗን አጥብቂያት። ቁልፉን አንቺ አዙሪው። ለማንም አትስጪ፣ አንቺ አዙሪው።

— ...

— ...

— ተነሳች። ኒያሞይ፣ ተነሳች። ትሰሚያታለሽ? ይህ ነው ድምጿ፣ ይህ ነው። ... ሂጂ ልጄ። ሂጂ፣ ኩራቴ ነሽ። ባልሽን አክብሪ፣ እሱም ያክብርሽ። ካላከበረሽ ግን መንዳት ታውቂያለሽ። ... ሂጂ በይ፣ ስልኩን ለዚያ ሽንኩርት ስጪው።

— አንታንዱ፣ ትሰማኛለህ? ... ድምፅህ ይቆራረጣል። ... አዎ፣ አለቅሳለሁ። ምን ይጠበስ? ሰው ልጁን ሲድር አያለቅስም? ... ስማኝ። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ግን ሳይመሽ አግባት። ከአሁን በኋላ አሮጊቷ መንገድ ላይ ብትቆምብህ ለእኔ አትደውል። ... አይ፣ አልተቀየምኩም። እኔ የማውቀውን አይተኸዋል፣ ሽንኩርትና ዘነዘና ነው። አንተ ኮና ሂድና ታታን ጠይቅ። በል፣ ንዳ።